የጉልበት ልክ

ረዳት ነበር አባቴ፣ ታኮ ተሸካሚ፣
ከኤንትሬ ጭራ ሥር የጥቁር ጭስ ቃሚ።
«ሳቢያን ሜዳው ላይማ ሁሉም ይጋልባል፣
ሲሚንቶ የጫነው ገለባ ይመስላል፤
የመኪና ጉልበት ደንገጎ ይለያል»
ይል ነበር፣ እግሩን በጨው ውሃ ነክሮ።

እኔም ይኸው ዛሬ፣ በግንቦት ሐሩር፣
ደንገጎ አቆምኩኝ ከጠረጴዛ ዳር።
ፓምፑ ከትናንት ወዲህ አየሩን ሲመጠው
ቱቦው ባዶ ሆኗል፤ መንገዱ ነጻ ነው፤
አዮኖቹ ወጡ፣ በአንድ በር ተለቀው፣
ሺህ ቮልት ሰንቀው።
ፊታቸው ወንፊት አለ፣ ከሽቦ የተሠራ፤
ቀዳዳው ማንንም አይዝም፤ ቮልቱ ነው ተራራ፤
ቁልፉን ባዞርኩ ቁጥር ያድጋል በተራ።

ኒዕማ መርፌውን ታነባለች።
ዘጠኝ መቶ። ሁሉም አለፉ።
ዘጠኝ መቶ ሰባ። መርፌው አልነቃነቅ አለ።
ሰማንያ ስንደርስ ጥቂቶች ደከሙ፣
ጫፉን እያዩት ወደ ኋላ አዘመሙ።
ሰማንያ አምስት። ሰማንያ ስምንት።
መርፌው ቁልቁል፣ ነጥቤም ቁልቁል።

በአንድ በር የወጡ፣ አንድ ስንቅ የያዙ፣
ለምን ተለያየ ጉልበት እና ጉዞ?
አንዱ የተወለደ ከምንጩ አፍ ዳር ነው፣
አንዱ ከወደ ውስጥ፣ ጠልቆ ነው የመጣው፤
አንዱ ሊወጣ ሲል ከሌላ ተጋጭቶ
ስንቁን አራግፎ ደረሰ ተራቁቶ።
ደብተሩ ይህንን «ስርጭት» ነው የሚለው።
እኛ ቤት አምስት ነን። አንዱ ጅቡቲ ወደብ፣
አንዱ መልካ ጀብዱ፣
አንዱን አንጠይቅም።

ዘጠና ሦስት ላይ መብራት ሄደ።
የፓምፑ ጩኸት ሳስቶ ሳስቶ ወረደ፤
በመስኮቱ በኩል የደቻቱ አሸዋ
ቀን የጠጣውን እሳት መልሶ ተነፈሰ።
ኒዕማ ሳቀች፤ «ግማሽ ዳገት አለን» አለች፤
«ዶክተር ሙክታር ነገ ስርጭቱን ቢጠይቅ
ግማሹን እንስጠው።»
ቀሪውን በግምት መሳል ይቻል ነበር፤
እርሳሱ እጄ ላይ ነው። አስቀመጥኩት።

ባጃጁ ገንደ ቆሬ ጥሎኝ ዞረ።
አባቴ ከደጅ ነው፣ በጨለማ።
ቤታችን ሦስት ደረጃ አለው፤
አንዱን ወጣ።
ሁለተኛው ላይ ጉልበቱን ያዘ በመዳፉ፣
ቆመ። ትንፋሹን ሰማሁት።
«ታኮ አቀብዪኝ» አለና ሳቀ።
ትከሻዬን አቀበልኩት።
ሦስተኛውን ስንረግጥ
የሰፈሩ ልጅ ሁሉ «መጣ!» ብሎ ጮኸ፤
አምፖሉ በራ፣
አባቴ ቀና ብሎ አየው፣
እንደ ሹፌር፣ ጫፍ ላይ እንደደረሰ።