የምላስ ዕዳ

ሌሊት ዐሥር ሰዓት፣ አል ኾር በላብ ርሳ፣
ተምር በኪሴ ይዤ፣ ረምላን ላስነሣ።
የሷ ጋጣ ብርድ ነው፣ ቀን ከሌት ኤሲ አለው፤
የኔን ክፍል ሙቀት፣ ቆርቆሮው ይንገረው።

የቀደመኝ ገሪ፣ በአለንጋ ጽፎባት፣
ተጎታቹን ስታይ፣ ይርዳል የእግሯ ባት።
እኔ አልጎትታትም፤ ገመዱን ለቀቅ፣
አንድ ጆሮ ስታዞር፣ በምላሴ ጠቅ፣
ግማሽ ተምር ከመዳፌ።
አንድ ኮቴ ስታነሣ፣
ጠቅ። ሌላው ግማሽ።
ከዚያ ወደ ኋላ ሦስት እርምጃ።
ይሁን። ነገም ሌሊት አለ።

ጠቅ ማለት ቃል ነው፤ ቃል ደግሞ ዕዳ ነው፤
ኪሴ ባዶ ሲሆን፣ ምላሴ ዝም ነው።
«ቡክራ» ይለኛል ካፊሌ፣ ደሞዜን ስጠይቀው፤
ጠቅ ካለ ሦስት ወሩ፣ ተምሩን ግን ማን አየው?

ዛሬ ማንም ሳይነዳት፣ ረምላ ወጣች፤
በባዶው ብረት ላይ አራት ጊዜ ኮቴ፣
ከዚያ ረጅም ትንፋሽ፣
ቆመች።
ጠቅ አልኩ፣ ሳላስበው።
ኪሴን ብዳብስ አንድ ተምር፣
ለቁርሴ ያስቀረሁት።
ፍሬውን በጥርሴ አውጥቼ
ሥጋውን ሙሉ ሰጠኋት፤ ዕዳዬን ከፈልኩ።
ፍሬውን አፌ ውስጥ እያገላበጥኩ
ቀጣዩን ጋጣ ከፈትኩ።