ሁለት ስንዝር ከአራት ጣት

የኋላውን ወንበር ነቅሎ አወጣና፣
«ይኸው ማድ ቤትሽ» አለኝ አንለይ ትናንትና።
በስንዝሬ ለካሁት፣ ደገምኩት በክር፣
ሁለት ስንዝር ከአራት ጣት፣ ቋጠሮ አሰርኩ ከዳር።
ክሩን በነጠላዬ ጫፍ ሸብ አርጌ ይዤ፣
ቡሬ ገበያ ገባሁ ከሽንዲ ተጉዤ።

የወፍጮ ጠጋኝ ሚስት፣ ሠላሳ ዓመት ሙሉ
ባሏን የምታውቀው በስልክ ነው በውሉ።
ማንኩሳ ሞተር ሲቆም ማንኩሳ ይከርማል፣
ደምበጫ ቺንጋ ሲበጠስ ደምበጫ ያድራል።
«ምን በላህ?» እለዋለሁ ማታ ደውዬ፤
«ዳቦ።» «በምን?» «በሻይ ነዋ፣ እናትዬ።»

ልጆች ጎጆ ወጡ፣ ቀረን እኛ ብቻ፤
እሱ ካንድ ሳጥን መፍቻ፣ እኔ ከሽሮ ስልቻ።
«ሚኒባሷን ቤት እናርጋት» አልኩት አንድ ሌሊት።
ዝም አለ። በማግስቱ ወንበሯን ፈታት።

ያዛቸው ሸራው ላይ ደርድሮታል ዕቃ፣
የኒኬሉ ብልጭታ የተኛ ያነቃ።
«ይቺን ውሰጂ እመቤት፣ ለአርባ ሰው ይበቃል!»
«አርባው ሰው፣ ወንድሜ፣ የት ቁጭ ብሎ ይበላል?»
ክሬን ብዘረጋ ከድስቱ ወገብ፣
ባለ በርበሬዋ ሳቀች፣ አለችኝም ቀረብ፦
«ለድስት ቀሚስ ልታሰፊ ነው እንዴ?»
«ቤቴ ጎማ አብቅሏል፤ ለሱ ነው መውረዴ።»

ሸክላ ወጥ ያጣፍጣል፣ ይህን ማን ይክዳል፤
ግን ከሽንዲ ወዲያ ኮረኮንቹ ይፈርዳል።
የብረቱም ነበር፣ ረጋ ያለ ከባድ፣
ቁልቁለት ፍሬን ሲያዝ ከግንባሬ ሊዋደድ።
ስሱ አልሙኒየም ደግሞ ሽሮ ያሳርርና፣
የምትሰደበው ሚስት ናት፣ ድስት አይሰደብምና።

ሲሰለቸው ያዛቸው ከሸራው ሥር ጎትቶ
አወጣ ሦስት ድስት፣ አንዱ ባንዱ ገብቶ፤
እንደ ሽንኩርት ልብስ ተቃቅፈው የተኙ፣
ሦስት ሆነው ሲፈለጉ ባንድ የሚገኙ።
ትልቁ ለሽሮ፣ መካከለኛው ለውሃ፣
ትንሹ ለእንቁላል፣ ስናድር በረሃ።
ክዳኑ ለሦስቱም አንድ፤ ሲገለበጥ ሳህን።
ባንድ ሳህን ሳንበላ ስንት ዓመት ሆነን!
ክሬን ዘረጋሁት፤ ልክክ አለ በልኩ።
ከመቀነቴ ፈትቼ ብሩን ቆጠርኩ።

የድግሱን ድስት፣ ስሜ በቀይ ቀለም
ቂጡ ላይ የተጻፈውን፣ ሰጠሁት ለዘላለም።
እድሩ ተረከበኝ፣ ጸሐፊው ፈረመ።
(ትንሽ ሆዴን ባር ባር አለው። እሱም አዘገመ።)

ማታ መደርደሪያው ላይ ላስገባ ብነሳ፣
ሆዱን ለክቼለት፣ ለካ ጆሮው ተረሳ!
ግራ ጆሮ ገባ፣ ቀኝ ጆሮ እምቢ አለ፤
ባዘነብለው፣ ባቆመው፣ ድስቱ አልተቀበለ።

አንለይ ምንም አላለ። መጋዙን አመጣ።
ስድስቱን ጆሮ ቆርጦ ጣለ።
«እሳት ላይ በምን ልይዘው ነው?» ብዬ ብቆጣ፣
ከሳጥኑ ፒንሳ አወጣ፤
ያው የወፍጮ ብሎን ዕድሜውን የነከሰ፣
ዘይትና ዱቄት አብሮ የላሰ።
በሳሙና አጠበው አንዴ፣ ደገመ፣ ሠለሰ፤
በነጭ ጨርቅ አበሰ።
የድስቱን ከንፈር ያዝ አረገና አነሳው።
ውሃ ሞልቶት። አልፈሰሰም።
«ይኸው እጀታሽ» አለ፣ ሌላ ቃል አልደገመም።

የመጀመሪያው ሌሊት፣ ማንኩሳ፣ ወፍጮው በር፣
ባለ አንድ ዓይን ቡታጋዝ ፍም መስላ ስትበር፣
ውጭ ዝናብ፤ ቆርቆሮው ላይ የሚዘራ ጤፍ መሳይ፤
እሱ ክዳኑን ይዟል፣ እኔ ፒንሳውን ከላይ።

ከልምድ ነው መሰለኝ፣ «ምን በላህ?» ልለው
አፌን ከፈትኩ።
ጉልበቱ ጉልበቴን ነክቷል።
ቤቱ ጠባብ ነው።

ሽሮው ትንሽ አርሯል።