ከዜሮ መቁጠር

ከባቡር ጣቢያው ማዶ፣ ከነጂብ ፎቶ ኮፒ ቤት፣
ማሽኑ ሲግል እኔም ስግል፣ ሳትም እውላለሁ የሰው ወረቀት፤
አራት ዓመት የተማርኩት፣ በማዕረግ የተመረቅኩበት፣
«በሁለቱም ገጽ አድርጊው» ለሚል ደንበኛ ሆነ ጉልበት።

የክፍሌ ልጆች ሲቪ በእጄ ያልፋል፤ ኢፍቱ ደጋግማ መጥታለች፤
ጉሌድ፣ ሚፍታህ፣ አቤኔዘር፦ አንዲት ክራባት ለሦስት ታስራለች።
የጉሌድ አጎት ክራባት ናት፤ አንገት እየቀያየረች
እሷም እንደኛው ዓመቱን ሙሉ ሥራ ስትፈልግ ከረመች።
«በቡድን መሥራት እወዳለሁ» የሚለውን እኔ ነኝ የጻፍኩላቸው፤
ከስምና ከስልክ ቁጥር በቀር ምንም የለም ልዩነታቸው።

መምህር ሳህሉ፣ አንደኛ ዓመት፣ ጀርባው ላይ ርሶ ሸሚዙ፣
«ማሽን የሚቆጥረው ከዜሮ ነው፤ ይህቺን አትርሱ፣ ያዙ፤
ዜሮ ባዶ አይደለም፣ የመጀመሪያው መቀመጫ ነው» አለን።
ጻፍነው። ፈተና ላይ መጣ። መለስነው። አለፍን፣ ምን ጎደለን!

ቦርዱ ግን፣ ከፖስታ ቤቱ ጎን ያለው፣ ሚስማሩ የዛገው ቦርድ፣
ቆጠራ ከሦስት ይጀምራል፤ ከሦስት በታች አያውቅም መውረድ።
አምና «ልምድ፦ ዜሮ ዓመት» የሚል አንድ ሁለቴ አይቻለሁ፤
ዘንድሮም ያንኑ ወረቀት፣ ፀሐይ አንጥቶት፣ እሱኑ አነባለሁ።

ባንኩ «ቅጥር ለጊዜው ቆሟል» አለ፤ ነፃ ቀጠናው «እንደውላለን»፤
ከአዲስ አበባ ኢሜይል የላከው «ፋይልሽን ይዘን እንጠብቃለን»።
ማን ማንን እንደሚጠብቅ ግን እስካሁን አልገባኝም።
ስልኬ ሲጮኽ ዘልዬ አነሣለሁ፤ የጥቅል ማስታወቂያ ነው፣ ሌላ ምንም።

ሚፍታህ ባጃጅ ይዟል፤ ከታይዋን ሳቢያን፣ ከሳቢያን ታይዋን መልሶ፤
«ማቆሚያ ያልተጻፈለት ሉፕ ነው» ይላል፣ ለቤንዚን ኪሱን ዳብሶ።
ኢፍቱ ከእናቷ ጋር ታይዋን ገበያ ጨርቅ ትሸጣለች፤
በሜትር ስትለካ እንኳ «ዜሮ፣ አንድ» ብላ ትጀምራለች።
ለደንበኛው አንድ ሜትር ሲመረቅለት፣ እናት ራሷን ትይዛለች፤
«አራት ዓመት ይህን ነው ያስተማሩሽ?» ትላለች።
የተመረቅነውስ ሰኔ ላይ ነበር፤ ፎቶው ግድግዳ ላይ ነው፤
ከዚያ ወዲህ በየከሰዓቱ የመረቀነ እንጂ የቀጠረን ማነው?

አባቴ የምድር ባቡር ሰው ነው፤ ቶርኖ ሲያዞር የኖረ፤
ባቡሩ ከቆመም በኋላ ዎርክሾፕ ሄዶ፣ ፈርሞ፣ ዘይት ሲቀባ የነበረ።
ማታ ደጅ ላይ ንፋስ ስንጠብቅ፣ «የናንተም ማሽን ቆመ እንዴ?» አለኝ።
«ኧረ አባ፣ ማሽኑስ ይሮጣል፤ ኮድ መጻፍም ጀምሮ ቀደመኝ፤
የቆምነው እኛ ነን።»
ዝም አለ።
ባቡሩ የቆመበትን ዓመት ሊቆጥርልኝ እጁን ዘረጋ።
ቶርኖ የበላውን ጣቱን፣ ጉቶውን ነካ፤ ምንም አላለም።
ቀጥሎ ያለውን ነካና
«አንድ» አለ።

ደቻቱን ተሻግሬ ነው ሥራ የምገባው፤ አሸዋ ነው፣ ውሃ አላየሁበትም፤
ቢሆንም «ወንዙ ደረቀ» ብሎ ድልድዩን ያፈረሰ የለም።

ዛሬ ዓርብ ነው። ነጂብ ለጁምዓ ሲወጣ ሱቁን ለእኔ ትቶ፣
የራሴን ሲቪ ከፈትኩ፤ ከርሞ ነበር ተዘግቶ።
«የሥራ ልምድ» ከሚለው ጎን፣ ሁሌ የምዘለው ክፍት ቦታ ላይ፣
ዜሮ ጻፍኩ።
አጉልቼ።

አንድ ገጽ ወጣ፤ እንደ ዳቦ ይሞቃል።
የነጂብን ደብተር ገልጬ፣ ከስሜ ፊት ለፊት፣
«አንድ ኮፒ፣ አምስት ብር፣ ዱቤ» ብዬ መዘገብኩ።