ሃምሳ እና ሠላሳ

ከሞሚ ወንዝ ማዶ፣ ቶሌዶ ዳርቻ፣
መብራቱ የማይጠፋ አንድ ማጠቢያ ቤት ብቻ፤
የሆስፒታል አንሶላ፣ ደምና አዮዲኑ
ከታች ይቀቀላል፣ ያጓራል ማሽኑ።
እኔ ግን ፎቅ ላይ ነኝ፣ በደመወዝ ክፍሉ፤
ጣቶቼ ንጹሕ ናቸው፣ ቁጥር ይለቅማሉ።

ዋንዳ ስታሺያክ ገባች፣ ፈረቃዋ አብቅቶ፣
ፀጉሯ በእንፋሎቱ ግንባሯ ላይ ተኝቶ፤
የሳሙና ካርቶን፣ የተቀደደ ጎኑ፣
በእርሳስ ተመዝግቦ ሰዓትና ቀኑ፣
ጠረጴዛዬ ላይ አኖረች ቀስ ብላ።
እጇን አየሁት፤ ክሎሪን የበላ።

«አንብቢው» አለችኝ። «በፊተኛው ሳምንት
ሃምሳ ሰዓት ቆሜ አጠፍኩ በሌሊት፤
በሚቀጥለው ግን ቧንቧችሁ ፈነዳ፣
ሠላሳ ላይ ቆምኩኝ፤ የኔ ነው ወይ ዕዳ?
በአሥራ ስድስት ዶላር ሰማንያ ሰዓት
ብላችሁ ከፈላችሁ፤ ጭማሪው የት ገባ? የት?»

እኔም እንደለመድኩ፣ በአለቃዬ ቃል፣
«ሃምሳና ሠላሳ ለሁለት ሲካፈል
አርባ አርባ ይወጣል። አርባን አላለፈም»
አልኳት፤ ድምፄ ግን እኔንም አላሳመነም።

ሣቀች፤ ሣቋ ደረቅ፣ ያልታጠፈ ፎጣ፣
ትኩስ እንደሆነ ከማድረቂያው የወጣ።
«የሃምሳው ሳምንት ነው እግሬን ያሳበጠው፤
ሠላሳው መች ሄዶ ወደ ኋላ አበረደው?
ሳምንት ራሱን ችሎ ይቆማል በሕጉ፤
አንዱን በሌላው ጓዳ ወስዳችሁ አትሸሽጉ።
ከአርባ በላይ አሥሩ፣ አንድ ተኩል ነው ዋጋው፤
ሃያ አራት ነው እንጂ አሥራ ስድስት ማን አለው?
ልዩነቱን ስምንት፣ በአሥር አባዢ። ሰማንያ ዶላር።
የልጅ ልጄ ሠራችው፣ በጣቶቿ ስትቆጥር።»

ልክ ነበረች።
ማለት ይቻላል ልክ ነበረች።

ዝም ልል ነበር። ካርቶኗ ላይ የሌለ፣
የኔ ወረቀት ላይ ግን አንድ መስመር አለ፤
«ሳትቀሪ ለመጣሽ» የሚል ቃል ኪዳን ጉርሻ፣
ሃምሳ ዶላር፣ በዚያ ሳምንት መጨረሻ።
እሱም የላብ ዋጋ ነው፤ ቃል ተገብቶበታል፤
ሰዓቱ ሲተመን አብሮ ይደመራል።
ስምንት መቶ ሃምሳ ለሃምሳ ሲካፈል
አሥራ ሰባት ወጣ፤ ወለሉ ከፍ ሲል
ጣሪያውም ይነሣል። ሰዓቱ ተከፍሏል፤
ያልተከፈለው ግን እኩሌታው ቀርቷል፤
እኩሌታው ደግሞ ስምንት ከሃምሳ፤
ሰማንያ አምስት ሆነ፣ አሥር ጊዜ ሲነሣ።

«አምስት ጨምሪበት» አልኳት፤ ድምፄ ጠፋ።
እርሳሷን በምላሷ አርሳ ጻፈች፣ ቁጥሩን አስፍፋ።
ከዚያ ቀና ብላ፣
«ስንት ዓመቱ ነው?» አለች።
«ምኑ?»
«አማካዩ።»

መልስ አልሰጠኋትም። ከመሳቢያዬ ውስጥ አርባ አንድ ስም አለ፣
ሃምሳ እየሠራ አርባ የተባለ።
የነሱ ትርፍ ሰዓት የኛ ትርፍ ሆኖ
ዓመት ሲዘጋ አይቻለሁ፣ በሰንጠረዥ ተሸፍኖ፤
ሲጨበጨብም ነበርኩ። ኬክም በልቻለሁ።
ማካፈያውን የተጫንኩት በገዛ ጣቴ መሆኑን አውቃለሁ።

ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ድዌይን ደወለልኝ፤
«የሷን ብቻ ክፈዪ፣ ሌላውን ተይልኝ፤
ያልጠየቀ ሰው» አለ፣ «ዕዳ የለውም እኛ ላይ።»
ስልኩን ዘጋ። ከታች ማሽኑ ተነሣ፣ ወለሉ ሲርገበገብ ይታያል፣ ሻዬ ላይ።

መሳቢያውን ሳብኩት። ዝገት አለው፤ ይጮኻል።
የመጀመሪያው ፋይል፣ ጠርዙ ተጣጥፏል።
ባልዴራስ፣ ትሪኒ። ጥር።
አርባ ስድስት እና ሠላሳ አራት።