ሰባ ሁለት ዲግሪ

ሠላሳ አንድ ዓመት፣ በምድር ባቡር ጋራዥ፣ ቶርኖ ላይ ቆሜያለሁ፤
ብረት ሲላጭ፣ እንደ ፀጉር ሲጠቀለል አይቻለሁ።
ዓይን ይዋሻል፤ እጅም ያብላል፤
ካሊፐር ግን፣ አንዲት ሚሊ ሳይደብቅ፣ ጎደለ ወይ ተረፈ ይላል።

ጉልበቴን ግን
በዓይን ገመትኩት።

ከሳቢያን ስመለስ፣ ባጃጅ ተገልብጦ የሰበረውን፣
ሐኪም በብሎንና በላሜራ ጠፍሮ የገጠመውን።
(ራጁን አይቼ፣ «የብሎኑ ጥርስ ጥሩ ነው» ብዬ ነበር፤
የሰው ሥራ አደንቃለሁ፣ ሥጋዬ ውስጥም ቢቀበር።)

ሮብሌ፣ የፊዚዮቴራፒው ልጅ፣ ተረከዜን ይዞ በመዳፉ፣
«እጠፋት አቦ!» ይለኛል፤ ላብ ይንጠባጠባል ከአፍንጫ ጫፉ።
ጥርሴን እነክሳለሁ። ጉልበቴ ግን ከእኔ አይስማማም፤
ሰባ ሁለት ላይ ይቆማል፣ ከዚያ ወዲያ ሰው አይሰማም።
«የያዘህ ብረቱ አይደለም» አለኝ አንድ ቀን፤ «ሂድ እዚያ ክፍል፣
ኢፍቱ ጋ። ፍርሃትም እንደ ጅማት ነው፤ ካላፍታቱት ይተሳሰራል።»

ሄድኩ፣ እየተናደድኩ። እኔ የተሰበርኩት እግሬን፤
ጭንቅላቴ ምን ቤት ነው? ልትጠግን ነው ወይ ልቤን?
ቬንትሌተሩ ከላይ ሙቀቱን ያማስላል እንጂ አያበርድም፤
ኢፍቱ፣ የልጄ እኩያ፣ ደብተር ገፋችልኝ። አልመከረችም።
«ሰባ ሁለት ስትደርስ» አለች፣ በድሬ ወግ «አንተ» እያለችኝ፣
«በውስጥህ ምን ይባላል?» ዝም አልኩ። ጠበቀችኝ።
«ጧ ይላል» አልኳት ኋላ፤ «ብሎኑ ይረግፋል፣ እንደ በቆሎ ፍሬ፤
ዳግመኛ አልቆምም፤ የሰው ሸክም ሆኜ እቀራለሁ በድሬ።»
«ጻፈው» አለች። ጻፍኩት።
«አሁን ይሄንን ማን ለካው?»

ማን ለካው!
ሠላሳ አንድ ዓመት፣ በተለማማጅ ሁሉ ላይ የጮህኩት፣
ሳይለካ የመጣ ዕቃ ወደ ገረወይና የወረወርኩት፣
እኔው፣ በገዛ አጥንቴ፣
በግምት ፈረድኩ፤ ያውም በሌሊት፣ ያውም መብራት ጠፍቶ ቤቴ።

ከዚያ ወዲያ ደብተሯ ሁለት ዓምድ ሆነች፤
በግራ የፈራሁት፣ በቀኝ የሆነው።
ማክሰኞ፦ «ሕመሙ ከአሥር ዘጠኝ ይሆናል።» የሆነው፦ ስድስት።
ሐሙስ፦ «ጧ ይላል።» ጧ ያለው የሮብሌ ማስነጠስ ነው፤
ሁለታችንም ደነገጥን። የሆነው፦ ሰባ ስምንት።
ቅዳሜ፦ «ከዚራ ጥላ ሥር ሳነክስ፣ ሰው አይቶ ያዝንልኛል።»
የሆነው፦ አንዲት ሴትዮ፣ ሸክም ይዛ፣ «መንገዱን ልቀቅ እንጂ!» አለችኝ።
እንደዚያ ደስ ያለኝ ቁጣ የለም።

አልዋሽም ግን። ክፉ ቀን አለ፤
ደብተሯን አልጋ ሥር ጥዬ፣ ፊቴን ወደ ግድግዳ ያዞርኩበት፣
ዘሃራ ሳህኑን እንዳለ ያነሣችበት።
«እሱንም ጻፈው» አለች ኢፍቱ፤ «ጉድለትም ልኬት ነው።»

ትናንት ደቻቱ ወረድኩ።
ወንዙ ደርቋል፤ አሸዋው የጎርፍ ስም ተሸክሞ ተኝቷል፤
ለጉልበት ጠላት ነው አሸዋ፣ ሲረግጡት ይከዳል።
በግራ ጻፍኩ፦ «መሐል ላይ እወድቃለሁ።»
ከዘራዬን ተከልኩ። አንድ። እግሬ ሰጠመ፣ ታጠፈ፣ ወጣ።
ሁለት። ግመሎች ባለፉበት ኮቴ ላይ፣ ዳናዬን ከዳናቸው እየለካሁ።
መሐል ላይ አልወደቅኩም።
መሐል ላይ ደከመኝ፤ ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ።
ማዶ መጋላ ይጮኻል፣ ሻጭ ገዢውን ይጠራል፤
ማዶ አልደረስኩም።
በመጣሁበት እግር ተመለስኩ።

ማታ፣ በቀኝ ዓምድ፣ በቶርኖ ሠራተኛ ጽሕፈት፦
«ግማሽ።»
ከሥሩም፣ ጧት ሮብሌ የለካውን፦
«ዘጠና አንድ።
ጉልበት አለ።»