ባዶውን ስመዝን

ከቅዳሜ ገበያ ጨው ሸምቼ ገባሁ፤
በሙቀጫ ወቀጥሁ፣ በወንፊት ለየሁ፤
ሻካራው ለብቻ፣ ደቃቁ ለብቻ፣
እንደ ዱቄት የላመው በብልቃጥ፣ መጨረሻ።

"ጨው ለራስህ ስትል ጣፍጥ" ይላል ያገሬ ሰው፤
እኔ ግን ለመንሁት፦ ስለ እኔ ብለህ ጥፋ፣
ሟሙተህ ውጣና ልክህን ብቻ ተወው።

ፖሊመሩ በአሟሚው ሟሙቶ እንደ ማር ሲሳብ
ሦስቱንም ጨው ነሰነስሁ፣ አማሰልሁ በቀስታ፣
በጣሳ ክዳን ላይ አፈሰስሁት ማታ።
ሲደርቅ ነጭ ቂጣ መሰለ።
ሦስት ቀን፣ ሦስት ሌሊት ውሃ ውስጥ ዘፈዘፍሁት፤
ባራተኛው ጧት እጣቢውን በምላሴ ነካሁት
(ቤተ ሙከራ ውስጥ መቅመስ ክልክል ነው፤ ይሁን)።
ጨው የለም። ጨው ሄዷል። ቤቱ ቀርቷል።

ደረቁን መዘንሁ። አልኮል አጠጥቼ እንደገና መዘንሁ።
ልዩነቱ ባዶው ነው፤
ከመቶው ሰማንያ ሰባት እጅ የሌለ ነገር፣
ቀሪው የሌለውን አቅፎ የሚቆም አጥር።
ምንይችል ከሚዛኑ ባሻገር ሳቀብኝ፦
"የወር ደመወዜን መሰለ" አለኝ።

ጥቃቅኑን ግን ሚዛን አያውቀውም።
ሜርኩሪ ነው የሚጠይቀው፤ ሰፊውን ደጅ በለሆሳስ፣
ጠባቡን በግፊት፣ በጭንቅ እየገባ።
እዚህ መሣሪያው የለም፤ ናሙናው በጥጥ ተጠቅልሎ
በሌሊት አውቶቡስ አዲስ አበባ ገባ።
በስድስተኛው ሳምንት ወረቀት መጣ፦
ሁለት ጉብታ። የሦስተኛው ቦታ ሜዳ።
ዱቄቱ ጨው አልወጣም ለካ፤
ደጅ አጥቶ ከነነፍሱ ግድግዳ ውስጥ ተቀብሯል፤
ምላሴም ዋሽቷል።

ማምሻውን ወደ ሐይቁ ወረድሁ።
እንድሪስ ደንገል ያስራል፣ ለታንኳ፤
አንዱን ዘንግ ለምኜ በምላጭ ሰነጠቅሁት፦
ሰፊ ጓዳ፣ በሰፊው ግድግዳ ጠባብ ጓዳ፣
በጠባቡም ዓይን የማይደርስበት።
"ስንት ጊዜ ይቆያል?" አልሁት።
"ውሃ በሩን እስኪያገኝ" አለ፣ ቀና ሳይል።
እሱ የሚሸሸውን በር
እኔ በጨው ስፈልግ ኖሬያለሁ።

ዛሬ ጨዉን መስኮቱ ደፍ ላይ አሰጣሁት፤
የጣና እርጥበት ይንካው፣ ጥርስ በጥርስ ይጣበቅ፣
ሻካራው የደቃቁን፣ ደቃቁ የዱቄቱን
እጅ ይዞ እንዲወጣ።
መብራት ሄዷል።
በመስኮቱ ዓሣ ዓሣ የሚል ነፋስ ይገባል፤
በየት እንደሚወጣ እንጃ።