ሦስት በትር

የዕቃ ቤቱ ቁልፍ ከእኔ ወገብ ነው፤
ስንት ኳስ፣ ስንት መረብ፣ እኔ ነኝ የማውቀው።
ሰኞ ጠዋት መዝገብ ሲከፈት በሰዓት
ጠረጴዛ ይዤ ተቀመጥሁ ከፊት።

ለክሪኬት የመጣው ሰልፉ በር ዘለለ፣
ትንሹ እንዳይቀር አጥር ተንጠለጠለ፤
ስልሳ አንድ ስም ጻፍሁ፣ የእስክሪብቶዬ ቀለም ነጠፈ፣
አሥራ ዘጠኝ ደግሞ ለእግር ኳስ ተሰለፈ።
ለካባዲ አሥራ አራት፣ ሁሉም ባለ ጡንቻ፣
ለመረብ ኳስ ስምንት፣ ለሆኪ ሦስት ብቻ።

መምህር ጉርዲት ሲንግ ወረቀቱን ይዘው
ገለበጡት፤ ምናልባት ጀርባው ላይ ካለ ብለው።
ጀርባው ላይ ያለው የሻይ ቤት ሒሳብ ነው።

እሳቸው በጊዜያቸው የግራ ክንፍ ነበሩ፤
"ጥንግ ከበትሩ ጋር ተሰፍታለት" ይላል ሰፈሩ።
ያኔ በዚህ መንደር ልጅ ሲወለድ ወንድ
ይመረጥ ነበረ ለበትሩ ግንድ።
ዛሬ ማታ ማታ ከቴሌቪዥኑ ፊት
ሕፃኑም አያቱም ወሬው ክሪኬት።
አልፈርድም፤ የእኔም ልጅ ተራ ቁጥሩ ስድስት፣
ጓንቱን እንዳጠለቀ ነው የሚተኛው ሌሊት።

ማክሰኞ ከሰዓት ሦስቱ መጡ፤ ኢሻር፣ ሂመት፣
ከኋላ፣ የወንድሟን ካልሲ ያጠለቀች ኪራት።
"በትር ስጠን" አሉኝ። ዕቃ ቤት ገብቼ
ቆጥሬ ደነገጥሁ ሳጥኑን ከፍቼ፤
ሃያውን ምስጥ በልቶታል። ደህናዎቹ ሦስት፣
ደህናዎቹ የሉም።

ለካስ ሜዳው መሃል፣ ከመቺው ጀርባ፣
ተተክለዋል ሦስቱም፣ እጀታቸው አፈር ገባ፤
የክሪኬት ግብ ሆነዋል። ቆልማማ ጫፋቸው
ሽቅብ አንጋጧል፣ ዝናብ እንደናፈቃቸው።

ኪራት አልጮኸችም፤ ፍቀዱልኝም አላለች።
በስልሳ አንድ ልጅ መሃል ቀስ ብላ አለፈች፣
የመሃሉን በትር ነቀለች።
"አውት!" አለ አንዱ ቀላጅ፤ ሜዳው በሳቅ ሞላ።
ሳቁ ሳይበርድ ጥንግ ከኪሷ ጣለች፣
ነካ፣ መለስ፣ ነካ፣ እየገፋች ሮጠች።
መቺው ባቱን ይዞ፣ ወርዋሪው ባዶ እጁን፣
ጠባቂው ከዳር መጣ አውልቆ ጓንቱን፣
ኢሻር ሁለተኛውን፣ ሂመት ሦስተኛውን፤
"ወደኔ!" "ወደኔ!" ይላል አቧራው ውስጥ፤
የማን ቡድን የማን እንደሆነ፣ ማን ይምረጥ?
የእኔም ልጅ እዚያ ነው፣ አንድ ጫማው ጠፍቶ።

መምህር ጉርዲት ፊሽካ በከንፈር ነክሰው
አልነፉም። ትንፋሽ እንኳ ሲቆጥቡ አየኋቸው።

ሩብ ሰዓት ቢሆን ነው።
ከዚያ አንዱ "ነጥባችን ስንት ነበር?" አለ፣
ሁሉም ተመለሰ፣ ከጡብ ቁራጭ ሌላ ግብ ተተከለ።

ረቡዕ መዝገቡን ገለጥሁት፤ ሦስት ነው።
ያው ሦስት ነው።
ብቻ ልጄ ማታ፣ እጁን እየታጠበ፣
"አባ፣ ምስጥ የበላውን በትር ሙጫ ይይዘዋል?" አለኝ።
ሙጫ ገዛሁ። ለመምህሩ እስካሁን አልነገርኋቸውም።